ስም የማይጠራበት ቤት

የአያቴን ስም አልነግራችሁም። ረስቼው አይደለም። ካረፈች ሃያ አምስት ዓመት ሆኗታል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ከተጠራ ይሰማል፤ ከሰማ መንገዱን ትቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ በሰላም እንዲሄድ ዝም ይባልለታል። "ያቺ ቅርጫት ሰፊዋ" ብትሉ ግን በመንደራችን የማያውቃት የለም። የታናሽ ወንድሟን ስም መናገር እችላለሁ። ዴልበርት ይባላል፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትናንትም ደውሎ የመኪናሽን ጎማ ሳትቀይሪ ዝናቡ ሊገባ ነው ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነበር።

ይህን ሕግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ልጅ በመንደሩ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንዳንድ ልጅ ከረሜላ ይወዳል፤ እኔ ሕግ እወድ ነበር። ምን እንደሚነካና እንደማይነካ፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ የትኛው ተረት በክረምት ብቻ እንደሚወራ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። የማያውቅ ሰው ካገኘሁ ለማስተማር ልመና አያስፈልገኝም። ዴልበርት ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ዳኛዋ መጣች፣ ባርኔጣችሁን አውልቁ" ይል ነበር።

በቤታችን ሁለት ስሞች አይጠሩም። አንደኛው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በመኪና አደጋ ሞቷል፣ መቃብሩን አውቀዋለሁ፣ በየዓመቱ ሄደን ሣሩን እናጭድለታለን። ሁለተኛው የእናቴ ስም ነው። የእሷን መቃብር አላየሁም። ግን ፎቶዋ ከግድግዳው ላይ ወርዷል፣ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ስለ እሷ ስጠይቅ ደግሞ አያቴ ምድጃው ላይ የሌለ ድስት ልታማስል ትነሳለች። ከዚህ ሁሉ ሌላ ምን ልደመድም? እናቴ ሞታለች አልኩ። ማንም አልነገረኝም፣ እንዲነግሩኝም አልጠበቅኩም።

ስትሄድ ሦስት ዓመቴ ነበር አሉ። ስለዚህ ስሟን ጨርሶ አላውቀውም። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ "አሳዳጊ" በሚለው መስመር የሚሞላው የአያቴ ስም ነው። አንዳንዴ ገላዬን ስታጠብ፣ ውሃው ድምፄን ስለሚሸፍነው፣ ስሞች እሞክር ነበር። ሲንዲ። ግሎሪያ። ሮክሳን። ከዚያ ድንገት አንደኛው ትክክለኛው ቢሆንና ብትሰማኝስ ብዬ እፈራና አፌን እይዛለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ብትሰማኝ ብዬም እመኝ ነበር።

የአያቴ ቅርጫት የሚሰፋበት ቄጠማ ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት አሸዋ ላይ ይበቅላል። የሚፈለገው ሣሩ አይደለም፤ ከአሸዋው በታች ተጋድሞ የሚሄደው ሥሩ ነው። ሰው የሚንከባከበው ከሆነ ሥሩ ቀጥ ብሎ ክንድ ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ካልተንከባከቡት ይቆላለፋል፣ ያጥራል፣ ለምንም አይሆንም። ቦታው ለብዙ ዓመት በአጥር ተከልሎ እኛ እንዳንገባበት ተደርጎ ስለነበር፣ አጥሩ ሲነሳ ያገኘነው እሾሃም የእንጆሪ ሐረግ፣ የቢራ ጠርሙስና የመኪና ጎማ ነው። አያቴ ለብቻዋ አትችለውም። በዚያ የጸደይ ወራት ታዲያ ከከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ በቢጫ አውቶቡስ ተማሪዎች መምጣት ጀመሩ። መምህራቸው ኬስለር የሚባል ረጅም ሰውዬ ነው፤ ወፍ ባየ ቁጥር ደብተር ያወጣል። ልጆቹ በፈቃዳቸው ሊያገለግሉ፣ ስለ ተፈጥሮና ስለ ነባሩ ሕዝብ፣ ማለት ስለ እኛ፣ ባህል ሊማሩ መጡ ተባለ። ግማሾቹ እናቶቻቸው ከአልጋ ጎትተው ያስወጧቸው ይመስሉ ነበር።

እኔ ምን ልበላችሁ፣ ሠርግ ነበር የሆነልኝ። ሕጉን የማያውቁ ሠላሳ ሰዎች በአንድ አውቶቡስ! እየተዘዋወርኩ፣ እዚህ አትርገጥ፣ ያንን ሐረግ ከሥሩ ነው የሚነቅሉት፣ ያ ያንተ መቀመጫ አይደለም የአያቴ ድንጋይ ነው እላለሁ። አንድ ጠቃጠቆ ፊት ልጅ ጓንቱን አውልቆ አየኝና "አንቺ የወንዙ ፖሊስ ነሽ?" አለኝ። አይደለሁም፣ አለቃው ነኝ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም "አለቃ" ነበር የሚሉኝ፣ እኔም ሹፈት መሆኑ አልገባኝም።

አያቴ ለማንም ዝም ብላ መቆፈሪያ አትሰጥም። መጀመሪያ ያጽዱ፣ ከዚያ እናያለን ትላለች። ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሰዓት በዴልበርት የጭነት መኪና ስንመለስ የሰማሁት ነገር እንግዳ አልሆነብኝም። እኔ ከኋላ ከአካፋና ከመጋዝ ጋር ነኝ፣ እነሱ ከፊት፣ በመካከላችን ያለው መስኮት ክፍት ነው።

"ሦስት ቅዳሜ አትሞላም" አለ ዴልበርት።

"ስምንት ብያለሁ፣ ስምንት ነው" አለች አያቴ። "ስምንቱን በደህና ከሞላች ራሷ ትንገራት። እስከዚያ ግን አንዲት ቃል እንዳትወጣት።"

አንዷ ተማሪ ለመቆፈር ፈቃድ የጠየቀች መሰለኝ። ስምንት ቅዳሜ መጠበቅ አለባት፣ ከዚያ ለመምህሯ ወይም ለጓደኛዋ ትነግራለች። ስምንት እንዲያውም አንሷል ብዬ በልቤ ፈረድኩ።

በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ ከወረዱ በኋላ ከአውቶቡሱ አንዲት ሴት ወረደች። ጸጉሯ እንደ ወንድ ልጅ አጭር ነው። የወንድ ጃኬት ለብሳለች። ጓንቷ ከመደብር እንደወጣ ነው፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተቆረጠም። ሊን በሉኝ አለች፤ ከከተማው ልጆቹን ለማገዝ የመጣች ናት ተባለ። አያቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሐረግ ስትቆርጥ ቀና አላለችም፣ ለመምህሩ የሰጠችውን ሰላምታ እንኳ አልሰጠቻትም። ዴልበርት ነው መጥቶ "ሬኒ፣ ይቺን ሴትዮ አንቺ አሠሪያት" ያለኝ። ድምፁ ትንሽ ቀጥኖ ነበር፤ ጉንፋን ይዞታል ብዬ አለፍኩት።

ከዚህ በላይ ባቆየው ጥቅም የለውም፤ ሴትዮዋ እናቴ ናት።

ነገሩን በሙሉ የሰማሁት ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ከዴልበርት ነው። ያን መኪና ስትነዳ የነበረችው እሷ ናት። ጠጥታ ነበር። ወንድሟ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። አያቴ ሁለቱንም ልጆቿን በአንድ ቀን አጣች፤ የአንዱን ሬሳ ቀበረች፣ የሌላዋን ስም ቀበረች። እናቴ አራት ዓመት ታሰረች፣ ከዚያ ሁለት ዓመት በሌላ ከተማ መጠጥ ስታቆምና ስትጀምር፣ ስታቆምና ስትጀምር ቆየች። በመጨረሻ ለዴልበርት ጻፈችለት፣ ልጄን አንድ ጊዜ ልያት ብላ። አያቴ እሺም እምቢም አላለች፤ ስምንት ቅዳሜ አለች። ሳትጠጣ፣ ሳትቀር፣ ማን እንደሆነች ሳትናገር ከልጆቹ ጋር እየመጣች ሐረግ ትንቀል። ታይታ የምትጠፋ እናት ለልጅ ከሌለች እናት ትከፋለች የሚል ሐሳብ ነበራት። ልክ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ስንት ዓመት አስቤበት መልሱን አላገኘሁትም።

ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሬኒ ግን ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አንድም ነገር የለም። የምታውቀው አንዲት ጓንት ማድረግ የማትችል የከተማ ሴት እንደተሰጠቻት ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ከጓንቷ ላይ በጥርሴ ቆረጥኩላት። ከዚያ ማስተማር ጀመርኩ። ሐረጉን እንዲህ ያዢው፣ ሥሩን ተከተዪ፣ አትጎትቺ። "እሺ መምህርት" ትለኛለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ጎን ላይ አንድ ጥርሷ የለም። የናና ሽታ ያለው ማስቲካ ዘወትር ታኝካለች፣ ለእኔም ትሰጠኛለች። እኔን ትክ ብላ ስታየኝ ፈዝዛ ትቀራለች፤ በደንብ ስለማስተምር ነው ብዬ ኮራሁ።

ማታ አያቴ እራት እያቀረበች ጠየቀችኝ። ምን አለች? በላች? እጇ ይንቀጠቀጣል?

ትንሽ ይንቀጠቀጣል አልኩ። አያቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። ሥሩን እንዳትበጥስባት የሰጋች መስሎኝ አይዞሽ፣ መቆፈሪያ አላስያዝኳትም ብዬ አጽናናኋት።

በሁለተኛው ቅዳሜ መጣች። በሦስተኛውም መጣች፣ ዴልበርትም ከአያቴ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ጎማ ሲያንከባልል ዋለ። አራተኛው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። አውቶቡሱ አምስት ልጆችና መምህሩን ብቻ ይዞ መጣ፣ ከኋላቸው ሊን ወረደች። ጃኬቷ በአንድ አፍታ ራሰ። አያቴ ከመኪናው ውስጥ የራሷን የዝናብ ካፖርት አውጥታ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ እንዳዞረች "ለዚያች ሴትዮ ስጫት" አለችኝ። ካፖርቱን ስትለብሰው ሊን አንገትጌውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ቆመች፣ ለረጅም ጊዜ። ንጹሕ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ታጥቧል አልኳት። አውቃለሁ አለች።

በዚያን ቀን ማታ አያቴ ስለ ሊን እጅ ስትጠይቀኝ፣ አሁን አይንቀጠቀጥም አልኳት። ሳህን እያጠበች ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት፣ እኔም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን መናፈቅ ጀመርኩ። ረቡዕ ላይ ሆኜ ለሊን የምነግራትን እቆጥራለሁ። ስለ ክፍሌ ልጆች፣ ስለ ሞተችው ድመታችን፣ ወደ ፊት ስለምሰፋው ቅርጫት። ሌላ ትልቅ ሰው ወሬዬ ሲረዝምበት እሺ እሺ ብሎ ይሄዳል፤ እሷ ግን "ከዚያስ?" ትላለች። በአምስተኛው ቅዳሜ አንድ የተበጠሰ ሥር ከአሸዋው አነሳች፣ ጫፉን በፊት ጥርሶቿ ያዘች፣ በሁለት እጆቿ ከፈለችው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ለሁለት። ተማሪዎቹ ሁሉ ሲሞክሩ ከመሃል ይበጠስባቸው ነበር፤ እኔ ራሴ ከአሥር አንድ ቢሳካልኝ ነው። ማን አስተማረሽ አልኳት። "አንዲት ሴትዮ፣ ድሮ" አለች። አያቴ ከሩቅ አይታን ነበር። ደንግጬ፣ የተበጠሰ ነው፣ ያልተፈቀደ አልነካችም ብዬ ጮህኩላት። አያቴ ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች፤ ላብ መሰለኝ።

በሰባተኛው ቅዳሜ አያቴ መቆፈሪያ ሰጠቻት። አንድ ቅዳሜ ሲቀራት! ሕግ ተጣሰ ብዬ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ከእኔ ጋር በአንድ ጉድጓድ እንደምትቆፍር ሳውቅ ዝም አልኩ። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ተንበርክከህ አሸዋውን በጣትህ ትጠርጋለህ፣ ሥሩን ታገኛለህ፣ ሳትጎትት በጣትህ ትከተለዋለህ። ሥሩ ወደሚሄድበት ትሄዳለህ እንጂ አንተ ወደፈለግከው አታመጣውም። አሸዋው ከላይ ሞቃት፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ከአንድ ወገን፣ እሷ ከሌላው፣ የአንዱን ሥር ሁለት ጫፍ ይዘን እየተቀራረብን ነበር። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

ምናልባት እሷም እንዲያ ሆና ነው ያመለጣት። አንዲት ቃል እንዳትወጣት ተብላለች፣ የቀራት አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ግን ሰው ናት።

"ሬኒ" አለችኝ፣ ጣቶቿን ከአሸዋው ሳታወጣ። "እናትሽ ማን ትባላለች?"

ቀና አልኩ። የከተማ ሰው አለማወቅ አሳዘነኝ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፣ ይህን ማስተማር የምችለው እኔ ነኛ።

"እንደሱ አይጠየቅም" አልኳት። "የሞተ ሰው ስም እኛ ዘንድ አይጠራም። ስላልነገሩሽ ነው፣ ግድ የለም።"

"ሞታለች?"

"አዎ። ቆየች።"

"ማን ነው የነገረሽ?"

"ማንም። አይነገርም እኮ። ስሟን ማንም አይጠራም፣ ፎቶዋም ወርዷል። ሞታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አያቴ አንድ ቀን እንኳ ጠርታት አታውቅም።" ከዚያ ትምህርቱ እንዳይጎድልባት ብዬ፣ አይ ስሕተቴ፣ ጨመርኩበት። "እኔም አልጠራትም። ተመልሳ እንዳትመጣ።"

ሊን ሥሩን አልበጠሰችውም። እስከ መጨረሻው ተከተለችው፣ ከእኔ ጫፍ ጋር ሲገናኝ ቆርጣ አወጣችው፣ እንደ ገመድ ጠቅልላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ወደ ወንዙ ወርዳ እጇን ታጠበች። በጣም ቆየች። የአሸዋው ጭቃ ከጥፍር ሥር ቶሎ አይለቅም ብዬ ከኋላዋ ነገርኳት። ሌሎቹ ገና ምሳ ሲበሉ እሷ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ማታ አያቴ ስትጠይቀኝ፣ በደንብ ቆፈረች፣ እጇም አልተንቀጠቀጠም አልኩ። እሱም እውነት ነው። ስለ ስሙ ጥያቄ አላነሳሁም፤ ሴትዮዋ ባለማወቋ እንዳትወቀስብኝ ብዬ ነው።

በስምንተኛው ቅዳሜ አያቴ ገና በጠዋት ተነስታ ሰማያዊ ሸሚዟን ለበሰች። ለስብሰባና ለቀብር ብቻ ነው የምትለብሰው። ያጨሰችውን ሳልሞን ዓሣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ለአሥር ሰው የሚበቃ አዘጋጀች። ጸጉሬን ራሷ ጎነጎነችልኝ፣ ፈትታ እንደገና ጎነጎነችው። ዛሬ ማን ይመጣል ስላት፣ "ቅዳሜ አይደል እንዴ" አለች።

አውቶቡሱ መጣ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጠቃጠቆው ልጅ "ሰላም አለቃ" አለኝ። መምህሩ ወረደ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ። አያቴ የተዘጋውን በር እያየች ቆማ ቀረች።

"ታማ ይሆናል" አለ ዴልበርት።

"ሰባት መጣች" አለች አያቴ። "ሰባቱን ሙሉ መጥታ ስምንተኛውን የምትቀር ሰው አይደለችም። እኔ እኮ አውቃታለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሬኒ፣ ባለፈው ሳምንት ምን አለችሽ? ሁሉንም ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ሁሉንም። ያለችኝንም ያልኳትንም፣ ትንሽም እየኮራሁ። ሕጉን እንዴት አድርጌ እንዳስረዳኋት ስነግራት ሙገሳ እየጠበቅኩ ነበር።

አያቴ በሰማያዊ ሸሚዟ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ አላየኋትም፣ ተቀምጣ ነው ያየኋት። አፏ ተከፈተ፣ አንድ ስም ወጣ።

"ማርሴላ" አለች። "እናትሽ ማርሴላ ትባላለች።"

ዘልዬ አፏን በእጄ ያዝኩት። እጄ አሸዋ ነበር፣ ከንፈሯ ላይ ተለጠፈ። አያቴ አብዳለች ብዬ ነው፤ የሞተ ሰው ጠራች፣ እናቴ አሁን ሰምታ ልትመለስ ነው፣ መንገዷ ሊበላሽባት ነው። እያለቀስኩ ዝም በይ፣ ዝም በይ እላታለሁ። አያቴ እጄን ከአፏ ላይ ቀስ ብላ አነሳችና በሁለት እጇ ያዘችው።

"አልሞተችም" አለች። "የኔ ልጅ፣ እናትሽ አልሞተችም። ተናድጄ ነው ስሟን ያልጠራሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ተናድጄ። እኔ ነኝ አፌን ዘግቼ የገደልኩብሽ።"

ልጆቹ መጋዛቸውን ይዘው ቆመው ያዩን ነበር። መምህር ኬስለር ወደ ታችኛው ዳርቻ ይዟቸው ሄደ። ሊን ማን እንደሆነች ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ በዚያች ቅጽበት ራሴ ነው የደረስኩበት፣ አጭሩ ጸጉር፣ ካፖርቱ፣ በጥርስ የተከፈለው ሥር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን "ተመልሳ እንዳትመጣ" ያልኩት የራሴ ድምፅ መጣብኝ።

በዴልበርት መኪና ወደ ከተማ ነዳን። በዚያን ቀን እኔ ከፊት፣ በሁለቱ መካከል ነበርኩ። እናቴ የተከራየችው ክፍል ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው። አከራይዋ እርጥብ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። ባለፈው እሁድ ቁልፉን መልሳ ሄዳለች አለችን። በአውቶቡስ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኳትም አለች።

አያቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጠጥታ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት።

"ኧረ የለም" አለች ሴትዮዋ። "አልጋውን አንጥፋ፣ መስኮቱን ሳይቀር ወልውላ ነው የሄደችው። እንደሷ ያለ ተከራይ መቼ አገኛለሁ።"

አያቴ ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን ይዛ ነበር። ሰክራ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር ብዬ አስባለሁ ዛሬ። በመንገዱ ሁሉ ስሙን አስጠናችኝ። ማርሴላ በይ ትለኛለች፣ ማርሴላ እላለሁ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ መቃብር ላይ የቆምኩ እየመሰለኝ። ድገሚው ትለኛለች። የመንደራችን መታጠፊያ ስንደርስ ዴልበርትም መሪውን እንደያዘ ከእኛ ጋር ይጠራ ነበር። ያን ቀን ማታ ፎቶው ሚስማሩ ላይ ተመለሰ። በጸጉሯ ርዝመት እጅግ ተገረምኩ።

አያቴ እስክታርፍ ድረስ ለማታውቀው አድራሻ ስትጽፍ ኖረች። ለዘመድ፣ ለመጠለያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ አልፋበት ይሆናል ወዳለችው ከተማ ሁሉ። እኔ ካደግኩ በኋላ ቀጠልኩ። ሁለት ጊዜ አየናት የሚል ሰው አግኝቼ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ ስደርስ ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። ከእሷ ጋር የነበሩኝ ሰባት ቀናት ናቸው። ሰባቱንም በእያንዳንዱ ሰዓት አውቃቸዋለሁ፣ ግን አንዱንም ቀን እናቴ መሆኗን እያወቅኩ አልኖርኩትም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አሁን ቄጠማው በእኔ እጅ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ከአሸዋ ላይ ሲነሳ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል፣ ሥሮቹ ግን ከአያቴ ጊዜ ረዝመዋል። አውቶቡሱም ይመጣል፤ መምህሩ ተለውጧል፣ ልጆቹ እነዚያው ናቸው። አንድ ልማድ እኔ ጨምሬያለሁ። ማንም ሐረግ ሳይነካ ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ እያንዳንዱ ስሙንና የማን ልጅ እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ መጀመሪያ እጀምራለሁ፤ ሬኒ እባላለሁ፣ የማርሴላ ልጅ ነኝ። ስናገር ልጆቹን አላይም። ልጆቹን ተከትለው የመጡ ትልልቅ ሰዎች ካሉ እነሱን ነው የማየው።

ዴልበርት ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ እየፈራ አንድ ነገር አለኝ። ይኸውልሽ፣ እናትሽ አሁን ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ኑሮዋ ደግሞ የሚያቆይ ኑሮ አልነበረም፣ ምናልባት ስሙን ብትተዪው ለእሷም ዕረፍት ነው አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም።

ባለፈው ቅዳሜ ክቡን ሠርተን ከጨረስን በኋላ ለልጆቹ ስለ ሕጉ ነገርኳቸው፤ አያቴን ለምን በስሟ እንደማልጠራት፣ ከሞተ ሰው ስም ለምን አፋችንን እንደምንሰበስብ። ጥርሷ ላይ ሽቦ ያላት አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

"እናትሽ ግን በሕይወት አለች ማለት ነው?"

"አዎ" አልኳት።

"የት ነው የምትኖረው?"

"አላውቅም።"

ልጅቷ ፊቷን ሰበሰበች። ነገር እንዲያምታታት የማትወድ ልጅ መሆኗ ከግንባሯ ያስታውቃል።

"ታዲያ አለመሞቷን በምን አወቅሽ?"

"አሁን ስሟን ስጠራ አልሰማሽኝም?" አልኳት።